ሂሱ የሚያወራው ስለ ግጥሙ ነው ወይስ ስለ ታሪኩ?

ሐዋሳ ውስጥ ግጥም የሚወድ ሰው ሞልቷል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥነ ጽሑፍ የሚማሩ ልጆች አሉ፣ ማታ ማታ ተሰብስቦ ግጥም የሚያነብ አለ፣ ሂስ ጽፎ በቴሌግራም የሚለቅም አለ። ሂሱ ላይ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ጸሐፊው «ይህ ግጥም ታሪክ ይተርካል» ብሎ ይነሳል። ከዚያ ታሪኩን በራሱ ቃላት ይነግረናል። መጨረሻ ላይ «ገጣሚው በጥበብ ተርኮታል» ብሎ ይዘጋል። እኛም ጥሩ ሂስ አነበብን እንላለን። ግጥሙን ግን ማንም አልነካውም።

በግጥም ውስጥ ስላለ ትረካ የሚከራከር ሂስ እጃችሁ ሲገባ ክርክሩ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለውን እንዴት እንደምትመዝኑ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። ተማሪ ብትሆኑ፣ የጓደኛችሁን ጽሑፍ እዩልኝ ተብላችሁ ቢሆን፣ ወይም ራሳችሁ ሂስ የምትጽፉ ብትሆኑ ይሠራል። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ስልክ ላይ ብቻ ማንበብ ለዚህ ሥራ አይመችም።

መጀመሪያ ግጥሙ፣ ከዚያ ሂሱ

ሂሱን ከመክፈታችሁ በፊት ግጥሙን ፈልጉ። ሙሉውን። ሂሱ ውስጥ የተጠቀሱት ስንኞች አይበቁም፤ የመረጣቸው ሐያሲው ነው፣ የመረጣቸውም ለራሱ ክርክር እንዲመቹት ነው። ከቴሌግራም የተገለበጠ ግጥም ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሁለት ስንኝ አንድ መስመር ላይ ይገጠማል፣ አንዳንዴም አንድ አርኬ (የስንኞች ክፍል) ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። መጽሐፉ ከተገኘ ከመጽሐፉ አንብቡ።

ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ደግማችሁም አንብቡት። ከዚያ ታሪኩን በዝርው፣ ማለት ስንኝ በሌለው ተራ ጽሑፍ፣ በሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ማን፣ የት፣ ምን ሆነ፣ መጨረሻውስ። ይህችን ወረቀት አትጣሏት። ዋናው ፈተና የሚሠራው በእሷ ነው።

ለማሳያ እንዲሆነን አራት ስንኝ ገጥሜያለሁ። ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዶ ጀልባ ሲገባ ያየ ሰው ቦታውን ያውቀዋል።

ዓሣ አጥማጁ ወጣ ጎህ ሳይቀድ በጀልባ፤
መረቡን ሸክፎ ከሐይቁ ሆድ ገባ፤
ሚስቱ ዳር ቆማለች እሳት ሳታጠፋ፤
ጀልባው ብቻ መጣ ሐይቁን እየገፋ።

በዝርው ሲጻፍ፦ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳይነጋ በጀልባ ወደ ሐይቁ ገባ። ሚስቱ ዳር ላይ እሳት አንድዳ ጠበቀችው። ጀልባው ያለ እሱ ተመለሰ። ያ ብቻ ነው።

የክርክሩን አንኳር በአንድ ዓረፍተ ነገር አውጡ

አሁን ሂሱን ክፈቱ። ስታነቡ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ሐያሲው ምን እንድናምን ይፈልጋል? በራሳችሁ ቃል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ርእስን ከክርክር ያምታታል። «ግጥሙ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሞት ይተርካል» ርእስ ነው። ማንም አይቃወመውም፣ ስለዚህ ማንንም ማሳመን አያስፈልግም። «ግጥሙ ሞቱን አንድም ቦታ ሳይናገር በጀልባው መንገድ ብቻ ያሳውቀናል» ግን ክርክር ነው። አስተዋይ የሆነ ሰው «አይ፣ እኔ እንደዚያ አላየሁትም» ሊል ይችላል። መለያው ይኸው ነው። አስተዋይ ሰው ሊቃወመው የማይችል ዓረፍተ ነገር ብቻ ካገኛችሁ ሂሱ ገና አልጀመረም ማለት ነው፤ ያንኑ ጻፉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ትረካ ሲል ምኑን ነው?

ጥሩ ሂስ ድንበሩን ቀድሞ ያሰምራል። ለትረካ ቢያንስ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፦ የሆነ ድርጊት፣ ከድርጊቱ በፊትና በኋላ የተለወጠ ነገር፣ እና ይህንን የሚነግረን አንድ ድምፅ። ሌላ ድንበር ያለው ሐያሲ ይኖራል፣ ችግር የለውም። ችግሩ ድንበሩ መንገድ ላይ ሲንሸራተት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትረካ ማለት ተከታታይ ድርጊት ነበር፣ አራተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ስለ ሕይወት የሚናገር ግጥም ሁሉ ትረካ ሆኗል። እንደዚያ ከሆነ መጨረሻ ላይ የተገኘው ድምዳሜ መጀመሪያ ላይ ስለተጠየቀው ነገር አይደለም። «ትረካ» የምትለዋን ቃል ባያችሁ ቁጥር በእርሳስ ክበቧት፣ ከዚያ ክቦቹን ብቻ መልሳችሁ እዩ። መንሸራተቱ ወዲያው ይታያል።

ድንበር ክርክሩን ምን ያህል እንደሚወስነው ለማየት ሁለት የቆዩ አቋሞችን እንይ። አሪስጣጣሊስ ስለ ግጥም ጥበብ በጻፈው ላይ ሆሜርንና ኢምፔዶክሊስን ከስንኝ ልካቸው በቀር የሚያገናኛቸው የለም ይላል። ሁለቱም በስንኝ ጽፈዋል፤ ግን የመጀመሪያው ገጣሚ፣ ሁለተኛው የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። የሄሮዶቱስን ታሪክ በስንኝ ብታስቀምጡትም ያው ታሪክ ነው ይላል። ለእሱ ገጣሚን ገጣሚ የሚያደርገው የድርጊቱ አገነባብ እንጂ ስንኙ አይደለም። በሌላው ጫፍ አሜሪካዊው ገጣሚ ኤድጋር አለን ፖ አለ። በ1850 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ ረጅም ግጥም የሚባል ነገር የለም ብሏል። ግጥም ነፍስን ከፍ የሚያደርግ ስሜት ነው፣ ያ ስሜት ደግሞ ቢበዛ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ስለዚህ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሚልተን ትልቁ ግጥም ራሱ የተቀጣጠሉ አጫጭር ግጥሞች ነው ባይ ነው።

የፖን ክርክር ረጅም ግጥም ጠቅሳችሁ አታፈርሱትም። «እሱም አጫጭር ግጥሞች ተቀጣጥለው ነው» ይላችኋል። በሩን በድንበሩ ዘግቶታል። እንዲህ ያለ ክርክር ሲገጥማችሁ ምሳሌ አትደርድሩ፤ መነሻውን ጠይቁ። ግጥም ከፍ ያለ ስሜት ብቻ ነው ያለው ማነው? ታሪክ እየተገነባ ሲሄድ የሚመጣው ጉጉት፣ ገጹን እየገለጥን ስንጠብቅ የቆየነው ነገር ሲደርስ የሚሰማን፣ ያ በግማሽ ሰዓት ተጀምሮ የሚያልቅ ነው? ምዘና ማለት ክርክሩ የቆመበትን እግር ለይቶ እሱን መነካካት ነው።

ዋናው ፈተና፦ ወደ ዝርው ገልብጡት

ቅድም የጻፋችኋትን የዝርው ወረቀት አሁን አውጡ። ሂሱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ትልቅ ነጥብ ውሰዱና ጠይቁ፦ ይህ ነጥብ ስለ ዝርው ወረቀቴም እውነት ነው? እውነት ከሆነ ሐያሲው የተናገረው ስለ ታሪኩ ነው። ለዝርው ወረቀቱ የማይሠራ፣ ስንኙ ከሌለ የሚወድቅ ነጥብ ካገኛችሁ ግን ስለ ግጥሙ እየተናገረ ነው።

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ሕዝቡ ያላትን ሁሉም ያውቃታል፤ በየአፉ ትንሽ ትንሽ ትለያያለች።

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ስለዚህች ግጥም «የቴዎድሮስን ጀግንነት ትተርካለች» የሚል ሂስ ቢጻፍ ፈተናውን ይወድቃል። በዝርው «መቅደላ ላይ አንድ ጀግና ሞተ» ብንል ያው ነው።

አሁን ፈተናውን የሚያልፍ ሂስ ምን ሊል እንደሚችል እንይ። አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉ። ሞቱ ነው የቀደመው፣ ጩኸቱ የተከተለው። ግጥሟ ግን ጩኸቱን አስቀድማ ሞቱን መጨረሻው ቃል ላይ አስቀምጣዋለች። እኛም ዜናውን እንደ አካባቢው ሰው ነው የምንሰማው፦ መጀመሪያ ጩኸት፣ ቆይቶ ምክንያቱ። ሁለተኛ፣ ተራኪው የቆመበት ቦታ። «አናውቅም» ይላል፤ የሰማ እንጂ ያየ አይመስልም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም ስም ሳይጠራ ይነግረናል። ስሙ ቢጠራ ኖሮ «ወንድ አንድ ሰው» የሚለው ክብደት አይኖርም ነበር። ሦስተኛውን እኔ ከሁሉም እወደዋለሁ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ ስንኝ ቤት በሚመታበት ቦታ ብዙ ጊዜ ግሥ አለ፣ ግሥ ያለበት ቦታ ደግሞ ድርጊቱ ያለበት ነው። «በረከተ» ጆሯችንን ለ«ተ» ያዘጋጀዋል። የሚመጣው ግን «ሞተ» ነው። የታሪኩ ሁለት ድርጊቶች በሁለቱ ቤት መምቻዎች ላይ ቆመዋል፤ ጆሮ ቤቱን ሲጠብቅ ሞቱን ይቀበላል።

ይህ ነጥብ በዝርው አይቆምም። ስንኙን ካፈረሳችሁት አብሮ ይፈርሳል። ሂስ ውስጥ የምትፈልጉት እንዲህ ያለውን ነው፤ አንድ እንኳ ካገኛችሁ ሂሱ ደክሟል ማለት አይቻልም።

ወደ ዓሣ አጥማጁ እንመለስ። የመጀመሪያው ስንኝ በተለመደው አነጋገር «ዓሣ አጥማጁ ጎህ ሳይቀድ በጀልባ ወጣ» ይሆን ነበር። እዚህ ግን «ወጣ» ወደ መሀል ገብቶ «በጀልባ» ቤት መምቻው ላይ ቀርቷል። ጀልባ የመጀመሪያውን ስንኝ ይዘጋል፣ የመጨረሻውን ስንኝ ይከፍታል። በሦስተኛውና በአራተኛው ስንኝ መካከል ደግሞ ሞቱ አለ፣ ግን አልተጻፈም። «ግጥሙ ሞቱን በጀልባው መንገድ ያሳውቀናል» ያለ ሐያሲ ይህንን ካሳየ ክርክሩ ቆመለት። «ሞቱ ልብ ይነካል» ብሎ ካለፈ አልቆመለትም።

ፈተናው በጭፍን እንዳይሠራ ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሂስ ሁሉ ቀለም (የስንኙን የድምፅ ምት) መቁጠር አለበት እያልኩ አይደለም። ረጅም የተረት ግጥም ላይ፣ ለምሳሌ የከበደ ሚካኤልን የተረት ግጥሞች በመሰሉት ላይ፣ ስለ ታሪኩ አካሄድ ብዙ ማለት ተገቢ ነው። ከተረቱ ወደ ምክሩ የሚሻገርባትን ስንኝ ሐያሲው አይቷታል ወይ? እዚያ ላይ ቃሉ ይለወጣል? ምቱ ይለወጣል? ይህን ብቻ ቢያሳይ ይበቃል። ሌላው፣ ድምፅን ከመጠን በላይ የሚያናግር ሂስ አለ። «ሸ የሚለው ድምፅ ሐዘንን ያሳያል» ይላል። ያው ድምፅ የሠርግ ግጥም ውስጥም አለ፣ እዚያ ምን ሊያሳይ ነው? ድምፅ ብቻውን ትርጉም አይሸከምም፤ ሐያሲው ከድርጊቱ ጋር አገናኝቶ ካላሳየ ነጥቡን ሰርዙት።

የሚናገረው ማነው?

ሂሱ ውስጥ «ገጣሚው እንዲህ ይላል» የሚል ባያችሁ ቁጥር ቁሙ። ገጣሚው ነው ወይስ ተራኪው? እኛ ይህን ልዩነት ከቤታችን እናውቀዋለን። አልቃሽ ስታስለቅስ አንዴ በሚስቲቱ አፍ ትናገራለች፣ አንዴ በእናቲቱ፣ አንዴም በሟቹ በራሱ። ለቀስተኛው ማን እየተናገረ እንደሆነ አይጠፋውም። ፉከራ ላይ ደግሞ «እኔ» የሚለው ራሱ ፎካሪው ነው፤ ገዳዩም ተራኪውም አንድ ሰው ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን የሚያይ ሂስ ተራኪው ላይ ተሳስቷል፣ ተራኪው ላይ ከተሳሳተ ስለ ታሪኩ እውነትነት የሚለው ሁሉ ያጠራጥራል።

ቀላል መሞከሪያ አለ። «ገጣሚው» ያለውን ሁሉ «ተናጋሪው» በሚል ተኩና ዓረፍተ ነገሩን መልሳችሁ አንብቡ። ምንም ካልተጓደለ እሰየው። ክርክሩ የሚቆመው በገጣሚው የሕይወት ታሪክ ብቻ ከሆነ ግን ሐያሲው ያንን የሚያስረዳ ነገር ማምጣት ነበረበት። አምጥቷል?

ማስረጃውን ቁጠሩ፣ የተዘለለውንም እዩ

ይህ ቶሎ ያልቃል። የግጥሙን ስንኞች ቁጥር ስጧቸው። ሂሱ የጠቀሳቸው ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክቶቹ ሁሉ መጀመሪያው አካባቢ ከሰፈሩ ሐያሲው መጨረሻውን ሸሽቷል፣ ትረካ ላይ ደግሞ መጨረሻን መሸሽ አይቻልም። ቀጥሎ ምልክት ያልተደረገባቸውን አንብቡና ክርክሩን የሚቃረን ስንኝ ፈልጉ።

ስለ ዓሣ አጥማጁ ግጥም አንድ ሂስ «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጊዜው ይቆማል» ቢለን፣ ማስረጃ አለው፦ «ወጣ»፣ «ገባ» ሲል የቆየው ግጥም ድንገት «ቆማለች» ይላል። ሴትየዋ አሁንም እዚያው ያለች ይመስላል። ጥሩ ነው። ግን አራተኛው ስንኝ ላይ «መጣ» ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሂሱ ይህን ካላነሳ ግማሹን ነው የተከራከረው። ቢያነሳው ደግሞ ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክር ነበር፦ ሁሉም ሲያልፍ ቆማ የቀረችው እሷ ብቻ ናት ማለት ይችል ነበር።

የውጭ ንድፈ ሐሳብ ሲመጣ

ሴራ፣ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ የምንላቸውን የሙያ ቃላት ካበጁልን ሰዎች ዋናው ደበበ ሰይፉ ነው፤ ገጣሚና የቴአትር መምህር፣ የይርጋዓለም ልጅ፣ ማለት የእኛው ጎረቤት። ቃላቱ ለልብ ወለድና ለተውኔት በደንብ ይሠራሉ። ግጥም ላይ ሲመጡ ግን ሐያሲው እንደ ቅጽ ሊሞላቸው ይሞክራል፦ መቼት ይህ፣ ገጸ ባሕርይ ያ፣ ሴራ ይህ። አራት ስንኝ ላይ ቅጽ መሙላት ክርክር አይሆንም።

ለግጥም የተሠራ ሐሳብም አለ። አሜሪካዊቷ ገጣሚና ሐያሲ ራሔል ብላው ዱፕሌሲ የግጥም ዋና ጠባይ በቁራጭ መሠራቱና በቁራጮቹ መካከል ክፍተት መኖሩ ነው ትላለች። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ብራያን ማክሄል በ2009 እ.ኤ.አ. ይህንን ወስዶ ስለ ትረካ ግጥም ተጠቀመበት፦ ታሪኩም የራሱ ቁራጮች አሉት፣ ግጥሙም የራሱ፤ ሁለቱ የሚገጥሙበትንና የሚጣሉበትን ቦታ እንይ ይላል። ሂሱ ይህን ከጠቀሰ ጥያቄያችሁ አንድ ይሁን፦ የእኛን ስንኝ አከፋፈል አይቷል? የዓሣ አጥማጁ ግጥም የተገጠመበት፣ ወል ቤት የሚባለው ምት፣ ስንኙ መሀሉ ላይ ያርፋል፣ ስድስት ቀለም፣ ከዚያ ስድስት። «ጀልባው ብቻ መጣ» ብሎ ያርፋል፤ ታሪኩ እዚያው አለቀ፣ «ሐይቁን እየገፋ» የሚለው ከዜናው በኋላ የሚመጣ ዝምታ ነው። የመስመር መጨረሻን ብቻ የሚያይ ሂስ ይህችን እረፍት አያገኛትም። የተጠቀሰው ስም ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነጥብ አትስጡ።

ታሪክ የሌለበት ቦታ ታሪክ እየተፈለገ ይሆን?

አሜሪካዊው የሥነ ጽሑፍ ምሁር ጆናታን ከለር በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው ሁሉንም ግጥም እንደ አንድ ልብ ወለድ ተናጋሪ ታሪክ ማንበብን ይቃወማል። ግጥም ይጠራል፣ ያወድሳል፣ ይረግማል፣ ይለምናል፤ ይህም በምናነብበት ሰዓት የሚደረግ ድርጊት ነው እንጂ ስላለፈ ነገር የሚነገር ወሬ ብቻ አይደለም። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ሂሱ የሚከራከርበት ግጥም አብዛኛው ጥሪ ወይም ውዳሴ ከሆነ፣ ሐያሲው ከሁለት ስንኝ ላይ ታሪክ እየጎተተ እንዳይሆን እዩት።

ሰምና ወርቅ ላይ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያለው ሰሙ ላይ ነው። ሂሱ ታሪኩን ተንትኖ ሲጨርስ ወርቁን ገና አልነካውም። ታሪኩ ወርቁን እንዴት እንደደበቀና የትኛዋ ቃል ላይ እንደከፈተው ካላሳየ፣ ሰሙ ላይ የቱንም ያህል ቢያምር ጎደሎ ነው።

ፍርዱን ስትጽፉ

አንድ አንቀጽ ይበቃል። መጀመሪያ የሂሱን ክርክር ጸሐፊው ራሱ ቢያነበው «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት» በሚልበት መንገድ ጻፉ። ቀጥሎ የቆመውን ነጥብ፣ ከነስንኙ። ቀጥሎ ያልቆመውን፣ የት ላይ እንደወደቀ ለይታችሁ፦ ድንበሩ ላይ ነው፣ ተራኪው ላይ ነው፣ የተዘለለ ስንኝ ላይ ነው? «ደካማ ነው» ብቻ ማለት ለማንም አይጠቅምም። ሂሱ ታሪክ መንገር ብቻ ከሆነ ያንን በግልጽ ጻፉ፣ ግን አንድ ስንኝ አንሥታችሁ ምን ሊባል ይችል እንደነበር አሳዩት።

ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ግጥም ወዳዱ ይተዋወቃል። የጻፈው ሰው ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ ዳር ከፊታችሁ ቡና ይዞ ሊቀመጥ ይችላል፤ ምናልባትም አስተማሪያችሁ ነው። አክብሮቱ ይኑር፣ ጥያቄውም አይቅር። «መምህር፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጊዜው ይቆማል ያሉትን ወድጄዋለሁ፤ አራተኛው ስንኝ ላይ 'መጣ' ሲልስ እንዴት እናየዋለን?» በሉ። ስንኝ ይዞ የመጣ ጥያቄ ማንንም አያስከፋም፣ ብዙ ጊዜም የሚያገኙት መልስ ሂሱ ላይ ካለው የተሻለ ነው። መልሱ ካሳመናችሁ የጻፋችሁትን አስተካክሉ። ካላሳመናችሁ ጥያቄውን ከነስንኙ ፍርዳችሁ ግርጌ ጻፉትና አንቀጹን ለጸሐፊው ስጡት።